የአየር ፎቶንና የከፍታ መረጃን አጣምሮ ሕንጻዎችን የመለየትና በሦስት ገጽታ የመገንባት ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የድሮን ፎቶና የከፍታ መረጃ በእጃቸው እያለ፣ ፕሮግራሙንም እስከ መጨረሻው አስኪደው ውጤቱ ለተበላሸባቸው ባለሙያዎች ነው። ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ባሕር ዛፉ ቤት ተብሎ ይመዘገባል፤ ገደላማው መሬት ራሱ ሕንጻ ሆኖ ይወጣል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ተበሳስቶ ይታያል፤ የተገነባው ሞዴል ደግሞ ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ ይቀራል ወይም ግማሹ ይቀበራል። በእኔ ልምድ ከእነዚህ ስሕተቶች የሚበዙት የሚፈጠሩት ሕንጻ የመለየቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ሁለቱ መረጃዎች እርስ በርሳቸው ሳይገጣጠሙ በቀሩበት ደረጃ ላይ ነው። ስለዚህ የመመሪያው ሰፊ ክፍል ለዝግጅት ተሰጥቷል፤ ዝግጅቱን ዘለው በቀጥታ ወደ ደረጃ 6 እንዳይሄዱ አደራ እላለሁ።

ሥራውን ሁሉ የሚመራው አንድ የሥራ ክፍፍል ነው። የከፍታ መረጃው «እዚህ ቦታ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ ነገር አለ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ይመልሳል፤ ፎቶው ደግሞ «የቆመው ነገር ምንድን ነው? ጠርዙስ በትክክል የት ያበቃል?» ለሚለው ይመልሳል። አንዱን የሌላውን ጥያቄ በጠየቁት ጊዜ ሁሉ የተሳሳተ መልስ ያገኛሉ። የዛገ ቆርቆሮና ቀይ አፈር በፎቶ ላይ አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ፤ በቁመት ግን ፈጽሞ አይምታቱም። በአንጻሩ የጥድ ዛፍና የቪላ ቤት ቁመት እኩል ሊሆን ይችላል፤ እነርሱን የሚለያቸው ፎቶው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ከፍታ» ስል ከባሕር ጠለል ወይም ከሌላ የጋራ መነሻ የሚለካውን ማለቴ ነው፤ «ቁመት» ስል ግን አንድ ነገር ከቆመበት መሬት አንሥቶ እስከ አናቱ ያለውን ልክ ነው። ምሳሌዎቹ በድሮን የተነሣ የአዲስ አበባ መኖሪያ ሰፈርን፣ ማለትም ተዳፋት መሬትን፣ የተጠጋጉ የቆርቆሮ ጣሪያዎችን፣ ባሕር ዛፍንና ጥቂት የኮንዶሚኒየም ብሎኮችን በማሰብ የቀረቡ ናቸው። የላይዳር (በሌዘር ምት ርቀትን እየለካ ነጥቦችን የሚሰበስብ መሣሪያ) መረጃ ያላችሁ አሠራሩ የሚለይበትን ቦታ በየደረጃው ታገኛላችሁ።

ደረጃ 1፦ ከመነሳትዎ በፊት በእጅ ሊኖር የሚገባው

1.1 የመረጃው ጥራት

የፎቶው ፒክስል በመሬት ላይ ከ3 እስከ 10 ሳንቲሜትር፣ የከፍታው ራስተር (በእኩል ካሬዎች ተከፋፍሎ በየካሬው ቁጥር የያዘ ምስል) ፒክስል ደግሞ ከ10 እስከ 50 ሳንቲሜትር የሚሸፍን ይሁን። ላይዳር ከሆነ በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 ነጥብ ያላነሰ፣ ጣሪያውን በዝርዝር ለመገንባት ግን 10 ነጥብና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከኢንተርኔት በነጻ የሚወርዱትን ባለ 30 ሜትር የከፍታ መረጃዎች፣ ለምሳሌ ኤስአርቲኤምን ወይም ኮፐርኒከስን፣ ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ። አንዱ ፒክስል 900 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን በተጠጋጋ ሰፈር ውስጥ ብዙ ቤቶችን ከነግቢያቸውና ከነመንገዳቸው በአንድ ቁጥር ይጠቀልላቸዋል። ይህን መረጃ በማንኛውም ዘዴ ወደ ግማሽ ሜትር ቢያሳንሱት ፒክስሉ ያንሳል እንጂ ቤቱ አይገኝም።

1.2 የመረጃዎቹ ቀን

ፎቶውና ከፍታው በተቻለ መጠን ከአንድ በረራ የመጡ ይሁኑ። ግንባታና ፈረሳ በሚፈጥንበት ከተማ በሁለቱ መካከል የአንድ ዓመት ልዩነት ካለ በፎቶው ላይ የሌለ ቤት በከፍታው ላይ ቆሞ ይገኛል፤ ወይም በተቃራኒው ይሆናል። የተለያየ ቀን ያላቸውን መረጃዎች ለመጠቀም ከተገደዱ የሁለቱን ቀን በየሕንጻው መዝገብ ላይ ያስፍሩ፤ የማይስማሙበትንም ቦታ ሁሉ «በመስክ የሚታይ» ብለው ይለዩ።

1.3 ፕሮግራምና ኮምፒውተር

ለፎቶ ማቀናበሪያ ኦፕንድሮንማፕ፣ ለነጥቦች ሥራ ክላውድኮምፔርና ፒዳል፣ ለካርታ ሥራ ኪውጂአይኤስ በቂ ናቸው፤ ሁሉም በነጻ ይገኛሉ። 500 ያህል ፎቶ በኦፕንድሮንማፕ ለማቀናበር 32 ጊጋባይት ያህል የሥራ ማኅደረ ትውስታ ያስፈልጋል። ከዚያ ያነሰ ካለዎት አካባቢውን ከፋፍለው ይሥሩ፤ ክፍሎቹ ግን በጠርዛቸው ላይ የተወሰነ እንዲደራረቡ ያድርጉ።

1.4 ፈቃድና ልምምድ

ድሮን ከማስነሳትዎ በፊት የሚመለከታቸው አካላት የሰጡትን የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ፤ ለአውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ በሆኑ ሰፈሮች ውስጥ ያለ ፈቃድ ፈጽሞ አይብረሩ።

ፈቃዱን እየጠበቁ ሙሉ ሂደቱን በተዘጋጀ መረጃ ቢለማመዱ ጊዜዎ አይባክንም። ለዚህ የጀርመኖቹ የፋይሂንገንና የፖትስዳም የመለማመጃ መረጃዎች ይጠቅማሉ። የፋይሂንገኑ 9 ሳንቲሜትር፣ የፖትስዳሙ 5 ሳንቲሜትር ፒክስል አላቸው፤ ሁለቱም ከፎቶው ጋር የገጽ ከፍታ (ጣሪያና ዛፍን ጭምር የያዘ ከፍታ) እና በእጅ የተሠራ ትክክለኛ መልስ ስለሚይዙ የራስን ውጤት ለማመሳከር ያስችላሉ። የኔዘርላንድስ ብሔራዊ የላይዳር መረጃም ለሁሉም ክፍት ነው።

ደረጃ 2፦ በረራ

2.1 ቁመቱን በስሌት ይወስኑ

አንድ ፒክስል በመሬት ላይ የሚሸፍነው ስፋት የበረራው ቁመት በካሜራው ፒክስል ስፋት ተባዝቶ ለሌንሱ የትኩረት ርቀት ሲካፈል የሚገኘው ነው። የካሜራዎ ፒክስል 2.4 ማይክሮሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 8.8 ሚሊሜትር ቢሆን በ100 ሜትር ቁመት 2.7 ሳንቲሜትር ያገኛሉ፤ ፎቶው 5472 በ3648 ፒክስል ከሆነ ደግሞ 150 በ100 ሜትር ያህል መሬት ይሸፍናል።

2.2 መደራረቡን ለተዳፋቱ ያስተካክሉ

ፎቶዎች በበረራው አቅጣጫ 80 በመቶ፣ ወደ ጎን 75 በመቶ ይደራረቡ። ይህ ቁጥር የሚጸናው ግን መሬቱ ሜዳ ከሆነ ብቻ ነው። ድሮኑ ከተነሣበት ቦታ በ100 ሜትር ቁመት ሲበር መሬቱ 30 ሜትር ከፍ ካለ፣ የፎቶው ሽፋን ወደ 105 በ70 ሜትር ይወርዳል፤ መደራረቡም ከ80 ወደ 71፣ ከ75 ወደ 64 በመቶ ያሽቆለቁላል። በእንጦጦ ግርጌ እንዳሉት ባሉ ሰፈሮች የጣሪያዎቹ መበሳሳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ የበረራ ማቀጃው ፕሮግራም የመሬቱን ቅርጽ ተከትሎ እንዲበር ያድርጉ። በነገራችን ላይ ከላይ የከለከልሁት ባለ 30 ሜትር የከፍታ መረጃ እዚህ ላይ በሚገባ ያገለግላል። ፕሮግራሙ ይህን የማይችል ከሆነ አካባቢውን በከፍታው ቀበቶ ቀበቶ ከፋፍለው ለእያንዳንዱ የተለየ በረራ ያቅዱ።

2.3 ሰዓትና ብርሃን

ረጅም ጥላ ጠባቡን መተላለፊያ ስለሚሸፍን ከቀኑ 4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይብረሩ። ይሁንና ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ ስትሆን አዲስ ቆርቆሮ ብርሃኑን በቀጥታ ወደ ካሜራው ይመልሳል፤ በፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ጣሪያ ደግሞ የሚዛመድ ነጥብ ስለማይሰጥ በከፍታው ላይ ጉድጓድ ወይም ሹል ሆኖ ይወጣል። ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ የምታልፈው በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ስለሆነ በእነዚያ ቀናት እኩለ ቀንን ይዝለሉ። ከሁሉ የሚመረጠው ስስ ደመና ሰማዩን እኩል የሸፈነበት፣ ነፋስ የሌለበት ቀን ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ ወዲያውኑ አይብረሩ፤ ውሃ ያቆረ ጣሪያ ለፎቶም ለላይዳርም አይመችም።

2.4 የመሬት መቆጣጠሪያ ነጥቦች

ለግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 8 የመቆጣጠሪያ ነጥቦች (ቦታቸውና ከፍታቸው በመሬት ላይ በትክክል የተለካ ምልክቶች) እና ከእነርሱ ተለይተው የሚቀመጡ 5 የማረጋገጫ ነጥቦች ይትከሉ። ማዕዘኖቹን፣ መሐሉን፣ ከሁሉ ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ቦታ የግድ ያካትቱ፤ ሁሉንም ነጥብ በአስፋልቱ ዳር ብቻ መደርደር የተለመደ ስሕተት ነው። ነጥቡን ከቆርቆሮ ጣሪያ ወይም ከቆርቆሮ አጥር አጠገብ አያስቀምጡ፤ የሳተላይቱ ምልክት ከብረቱ ነጥሮ ልኬቱን ያዛባዋል። የማረጋገጫ ነጥቦቹን በማቀናበሩ ውስጥ አያስገቡ፤ ከገቡ ምንም የሚያረጋግጡት ነገር አይኖርም።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን መረጃዎች ማገጣጠም

ይህ የመመሪያው ዋና ደረጃ ነው።

3.1 አግድም መነሻ

በአገራችን የቆዩ ካርታዎችና ብዙ የይዞታ መረጃዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም (ዳተም የቦታ ቁጥሮች የሚለኩበት መነሻ ነው) ሲሆን፣ ድሮንና የሳተላይት መቀበያ መሣሪያ የሚሰጡት ግን በደብሊውጂኤስ 84 ነው። የሁለቱ የዩቲኤም ቁጥሮች (ቦታን በሜትር የሚገልጹ መጋጠሚያዎች) ስለሚመሳሰሉ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ አካባቢ በመካከላቸው ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር፣ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ስለዚህ፦

ሀ. የእያንዳንዱን ፋይል የመጋጠሚያ ሥርዓት መለያ ቁጥር (ኢፒኤስጂ) በኪውጂአይኤስ ይመልከቱ። ኢፒኤስጂ 20137 አዲንዳን፣ ኢፒኤስጂ 32637 ደብሊውጂኤስ 84 ነው፤ ሁለቱም የዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ናቸው።

ለ. ሁሉንም ወደ አንዱ ይለውጡ። ፋይሉን በእጅ ጎትቶ ማስተካከል ክልክል ነው፤ ዛሬ የገጠመ መስሎ የታየው ነገ በሚመጣው ፋይል ላይ ይበተናል።

ሐ. ከአዲስ አበባ ርቀው የሚሠሩ ዞናቸውን ያረጋግጡ። ጅግጅጋ በዞን 38፣ ጋምቤላ በዞን 36 ውስጥ ይገኛሉ።

ሲበላሽ፦ ከተለወጠ በኋላም ከ200 ሜትር በላይ መራቅ ከታየ ፋይሉ መለያው በስሕተት ተጽፎበት ሊሆን ስለሚችል፣ መጀመሪያ መለያውን ያርሙ፤ ከዚያ እንደገና ይለውጡ።

3.2 የከፍታ መነሻ

የሳተላይት መቀበያ ከፍታን የሚለካው ከኤሊፕሶይድ (ምድርን ከሚወክለው ለስላሳ የሒሳብ ቅርጽ) ሲሆን፣ የቅየሳ ነጥቦች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ጠለል የተነሡ ናቸው። አንዱ ፋይል በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ከሆነ በመላው አካባቢ ላይ ሜትሮች የሚያህል ቋሚ ልዩነት ይፈጠራል፤ ውጤቱም ወይ ሜዳው ሁሉ ሕንጻ ይሆናል፣ ወይ አንድም ሕንጻ አይገኝም። ልዩነቱን ለማወቅ በአስፋልት መንገድ ላይ 10 ነጥቦች መርጠው የሁለቱን ፋይሎች ከፍታ ይቀንሱ። ልዩነቱ በሁሉም ነጥብ ላይ ተቀራራቢ ከሆነ የመነሻ ችግር ነውና በኤሊፕሶይዱና በባሕር ጠለል መካከል ያለውን ልዩነት በሚሰጠው በጂኦይድ ሞዴል ያርሙት፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እያደገ የሚሄድ ከሆነ ግን የመቆጣጠሪያ ነጥቦቹ አቀማመጥ ተበላሽቷል ማለት ነውና ፎቶዎቹን እንደገና ያቀናብሩ።

3.3 የሕንጻ መዘንበል

በተራ ኦርቶፎቶ (እንደ ካርታ እንዲለካ ተደርጎ በታረመ የአየር ፎቶ) ላይ ረጃጅም ሕንጻዎች ከካሜራው ወደ ውጭ ዘንበል ብለው ይታያሉ። ካሜራው በ100 ሜትር ቁመት ላይ ሳለ ከሥሩ 40 ሜትር ርቆ የሚገኝ ባለ 20 ሜትር ሕንጻ አናቱ ከእውነተኛ ቦታው 10 ሜትር ሸሽቶ ይወድቃል። በዚህ ፎቶ የሕንጻ ጠርዝ ፈልገው ከከፍታው ጋር ቢያነጻጽሩ ፈጽሞ አይገጥምም። ስለዚህ ኦርቶፎቶው የሚታረመው በመሬቱ ከፍታ ሳይሆን ጣሪያዎችን ጭምር በያዘው በገጽ ከፍታ ሞዴል መሆን አለበት።

የትኛው ችግር እንደገጠመዎት የሚለዩት እንዲህ ነው፦ መዛባቱ በመሬትም በጣሪያም ላይ እኩል ከሆነ የአግድም መነሻ ችግር ነው፤ በመሬት ላይ ምንም ሳይኖር በጣሪያ ላይ ብቻ ከታየና ከሕንጻው ቁመት ጋር ከጨመረ መዘንበል ነው። የመጀመሪያው ወደ 3.1 ይመልስዎታል፤ ሁለተኛው ኦርቶፎቶውን እንደገና ያሠራዎታል።

3.4 የማለፊያ ፈተና

ከገጽ ከፍታው ቅርጹን በብርሃንና በጥላ የሚያሳይ የጥላ ካርታ ሠርተው ግማሽ በግማሽ በሚያሳይ መልኩ በፎቶው ላይ ይደርቡት። በተለያየ ቦታ ያሉ 20 የጣሪያ ማዕዘኖችን ይመልከቱ። ልዩነታቸው ከከፍታው ራስተር 2 ፒክስል ከበለጠ ወደ ደረጃ 4 አይለፉ።

ደረጃ 4፦ መሬቱን ከላዩ ካለው መለየት

4.1 መሬቱን ያውጡ

የተዳፋት ሰፈርን ከፍታ በቀጥታ በአንድ ቁጥር ቆርጦ ሕንጻ መፈለግ አይቻልም፤ በላይኛው መንገድ ላይ የቆመ ሰው ከታችኛው ቤት ጣሪያ በላይ ነውና። ስለዚህ መጀመሪያ መሬቱ ብቻውን መታወቅ አለበት። በክላውድኮምፔር ውስጥ ሲኤስኤፍ የተባለውን ማጣሪያ ይክፈቱ። ይህ ማጣሪያ የነጥቦቹን ስብስብ ገልብጦ ከላዩ የጨርቅ ዓይነት ገጽ ይጥልበታል፤ ጨርቁ የነካውን መሬት ይለዋል። የጨርቁን ዓይን 1 ሜትር፣ የመለያውን ርቀት 0.3 ሜትር አድርገው ይጀምሩ።

የጨርቁ ግትርነት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለገደላማ መሬት ለስላሳውን ቢመርጡ ጨርቁ ተዳፋቱን በደንብ ይከተላል፤ ነገር ግን በሰፋፊ መጋዘኖችና በኮንዶሚኒየም ብሎኮች ላይ ጣሪያው ውስጥ ገብቶ ጣሪያውን መሬት ያደርገዋል። ግትሩን ቢመርጡ ትልልቆቹ ሕንጻዎች ይድናሉ፤ ገደሉ ግን ሕንጻ ይሆናል። ሁለቱንም በአንድ ቁጥር ማስታረቅ አይቻልም፤ አካባቢውን ገደላማና ሜዳማ ብለው ከፍለው ለየብቻ ያስኪዱ።

4.2 በተጠጋጋ ሰፈር ውስጥ

በቤቶቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ከ1 ሜትር በታች ከሆነ የድሮን ፎቶ መሬቱን አያይም፤ ፕሮግራሙ ያቀረበልዎት ከሩቅ ተገምቶ የተሞላ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ በየ20 ወይም 30 ሜትሩ በመተላለፊያው ውስጥ የመሬት ከፍታ በቅየሳ መሣሪያ ይለኩና በመሬት ነጥቦቹ ላይ ይጨምሩ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ይህን ግማሽ ቀን ለመቆጠብ ብዬ ሳምንት ያባከንሁበት ጊዜ ስላለ አጥብቄ እመክራለሁ። ላይዳር ይህን ችግር ያቃልለዋል እንጂ አያጠፋውም።

4.3 ቀንሱና ፈትሹ

ከገጽ ከፍታው የመሬቱን ከፍታ ሲቀንሱ የቁመት ራስተር ያገኛሉ። ከመቀጠልዎ በፊት የቁጥሮቹን ሥርጭት በግራፍ ይመልከቱ፦

• ትልቁ ክምር 0 ላይ መሆን አለበት። 0.5 ሜትር ላይ ከተቀመጠ የመሬት ሞዴሉ ዝቅ ብሏል።
• ከአሉታዊ 0.5 ሜትር በታች የሚወርዱ ቁጥሮች በብዛት ካሉ የመሬት ሞዴሉ ከእውነተኛው መሬት በላይ ወጥቷል፤ ብዙ ጊዜ የዛፍ ግንድ ወይም ዝቅተኛ ጣሪያ መሬት ተብሎ ገብቷል።
• በሰፊ ጣሪያ መሐል 0 ከታየ ጨርቁ ውስጥ ገብቷልና ወደ 4.1 ይመለሱ።

ደረጃ 5፦ ዛፎችን ማስወገድ

ካሜራዎ የቅርብ ኢንፍራሬድ ካለው ኤንዲቪአይን (የዕፅዋት መለኪያን) ያስሉ፤ ይህም ቀዩ ከኢንፍራሬዱ ተቀንሶ ለሁለቱ ድምር ሲካፈል የሚገኘው ነው። ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ ሆኖ ኤንዲቪአዩ ከ0.25 የሚበልጥ ፒክስል አብዛኛውን ጊዜ ዛፍ ነው። ቁጥሩን ግን በራስዎ ፎቶ ላይ 30 ዛፎችና 30 ጣሪያዎች ለክተው ያስተካክሉ።

ተራ ካሜራ ብቻ ካለዎት ከአረንጓዴው እጥፍ ላይ ቀዩንና ሰማያዊውን በመቀነስ የአረንጓዴነት መለኪያ መሥራት ይቻላል። አደጋው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው። በከተሞቻችን ውስጥ ብዙ ስለሆነ ይህ መለኪያ ብቻውን ሰፋፊ ቤቶችን ይሰርዛል። ስለዚህ ሁለተኛ ምስክር ይጨምሩ፦ የገጹን ሸካራነት። በ1 ሜትር ዙሪያ ያሉት ቁመቶች ከአንድ ዝርግ ገጽ ምን ያህል እንደሚርቁ ይለኩ። ጣሪያ ቢያዘነብልም ዝርግ ነው፤ የዛፍ ቅጠል ግን ይበታተናል። አረንጓዴም ሸካራም የሆነውን ብቻ ያስወግዱ። የላይዳር ባለቤቶች ከዚህ የተሻለ ምስክር አላቸው፤ አንዱ የብርሃን ምት ከዛፍ ላይ ብዙ ጊዜ ሲመለስ ከቆርቆሮ ላይ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይመለሳል።

የዛፍ ቅርንጫፍ ጣሪያ ላይ ከተንጠለጠለ ቅርንጫፉን ሲያስወግዱ ጣሪያው ይነከሳል። ይህን አሁን ለመጠገን አይሞክሩ፤ በደረጃ 7 ቀጥ ያለው ጠርዝ ሲዘረጋ ይመለሳል።

ደረጃ 6፦ ሕንጻዎቹን መለየት

6.1 በደንብ ላይ የተመሠረተው መንገድ

ቅደም ተከተሉን ሳያፋልሱ ይከተሉ፦

1. ቁመታቸው ከ2 ሜትር በላይ የሆኑትን ፒክስሎች ይውሰዱ። በተዳፋት ላይ የተሠራ ቤት በላይኛው ወገን ጣሪያው ለመሬት በጣም ሊቀርብ ስለሚችል በእንዲህ ያለ ቦታ 1.5 ሜትር ይጠቀሙ።
2. በደረጃ 5 የለዩትን ዛፍ ይቀንሱ።
3. ስፋቱ ከ1.5 ሜትር በታች የሆነውን ቀጭን ነገር ሁሉ ያስወግዱ። የቆርቆሮ አጥር የሚወገደው እዚህ ነው።
4. ከ8 ካሬ ሜትር በታች የሆኑትን ይሰርዙ። ሮቶዎችና የጥበቃ ቤቶች ይወጣሉ፤ የጥበቃ ቤት የሚያስፈልግዎት ከሆነ ቁጥሩን ይቀንሱ።
5. በጣሪያ መሐል ያሉትንና ከ4 ካሬ ሜትር የማይበልጡትን ቀዳዳዎች ይሙሉ። ከዚያ የሚበልጠው የግቢ ክፍት ቦታ ሊሆን ስለሚችል አይንኩት።

ይህን ሁሉ አልፈው የሚቀሩ ሁለት ነገሮች አሉ፦ የቆሙ አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖች፣ እንዲሁም ድንኳን። የለቅሶ ወይም የሠርግ ድንኳን ቁመቱም፣ ስፋቱም፣ ዝርግነቱም እንደ ቤት ነው፤ የሚለየው በፎቶው ላይ ባለው ሸራና መንገድ ላይ በመቆሙ ብቻ ነው። ስለዚህ የመንገድ መስመሮችን ደርበው መንገድ የሚነካውን እያንዳንዱን ሕንጻ በዓይን ይመልከቱ።

6.2 በሥልጠና ላይ የተመሠረተው መንገድ

ሰፊ አካባቢ ካለዎት እንደ ዩ-ኔት ያለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መረብ የተሻለ ይሠራል። ሦስቱን ቀለማትና የቁመቱን ራስተር እንደ አራት ንብርብር ያስገቡለት፤ የመሬት ከፍታውን ሳይሆን ቁመቱን መሆኑን ልብ ይበሉ። ቁመቱን ከ0 እስከ 30 ሜትር ገድበው ለ30 ያካፍሉ፤ አለዚያ ከቀለማቱ ጋር ሚዛኑ አይገጥምም። የመለማመጃና የመፈተኛ ክፍሎቹን በሰፈር ይለዩ። ጎን ለጎን ያሉ ቁራጮችን በዕጣ ማደባለቅ መረቡ ያየውን ቤት እንዲፈተን ስለሚያደርግ የሐሰት ከፍተኛ ውጤት ያሳያል።

ለመለማመጃ የሚሆን ወሰን ከባዶ መሣል ካታከተዎት የጉግል ኦፕን ቢልዲንግስ የኢትዮጵያን ከተሞች ስለሚሸፍን እንደ መነሻ ይውሰዱት፤ ነገር ግን ከሳተላይት ፎቶ የተሠራ በመሆኑ በድሮን ፎቶ ላይ ሲደረብ ይሸሻልና እያንዳንዱን ወሰን አርመው ይጠቀሙ።

ሲበላሽ፦ የሠለጠነው መረብ የዛገ ጣሪያን ከአፈር ካምታታ ቁመቱን እየተጠቀመ ላይሆን ይችላል። የቁመቱን ንብርብር በሙሉ 0 አድርገው እንደገና ያስኪዱት። ውጤቱ ካልተለወጠ መረቡ ፎቶውን ብቻ እያየ ነው፤ ሚዛኑን አርመው እንደገና ያሠልጥኑ።

6.3 የተያያዙ ጣሪያዎች

በቁመት ብቻ የተለዩ የተጠጋጉ ቤቶች እንደ አንድ ትልቅ ሕንጻ ይወጣሉ። ለመክፈል ሦስት ምልክቶችን በቅደም ተከተል ይፈልጉ፦ ከ30 ሳንቲሜትር በላይ የሆነ የቁመት ዝላይ፣ የጣሪያው ተዳፋት አቅጣጫ መለወጥ፣ በመጨረሻም በፎቶው ላይ የዝገት ወይም የቀለም ልዩነት። የመጨረሻው ብቻውን አይበቃም፤ ባለቤቱ ግማሹን ቆርቆሮ ቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ከአንድ ጣሪያ ሥር ስንት አባወራ እንደሚኖር ከአየር ላይ ማወቅ አይቻልም። የጣሪያ ወሰንም የይዞታ ወሰን አይደለም። ውጤትዎ ለካሳ ወይም ለይዞታ ማረጋገጫ የሚውል ከሆነ ይህን በግልጽ ጽፈው ያስረክቡ፤ በዚህ ቦታ ላይ የሚደረግ ግምት የሰው ቤት ያሳጣልና።

ደረጃ 7፦ ወሰኑን ማስተካከል

ከራስተር የወጣው ወሰን እንደ መሰላል የተሰባበረ ነው። መጀመሪያ ከ2 ፒክስል ያልበለጠ መቻቻል ሰጥተው ያቃልሉት፤ ከዚያ የሕንጻውን ረጅም ጎን አቅጣጫ ወስደው ለእርሱ ትይዩ ወይም ቀጤ ነክ ከመሆን ከ10 ዲግሪ ባነሰ የሚርቁትን ጎኖች በትክክል ትይዩ ወይም ቀጤ ነክ ያድርጉ። ክብ ጎጆዎችን፣ አብያተ ክርስቲያናትንና ማዕዘን መሬት ላይ የተሠሩ ቤቶችን ከዚህ ደንብ ያውጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ያገኙት የጣሪያውን ጠርዝ እንጂ ግድግዳውን አይደለም። ክፈፉ ከግድግዳው በየጎኑ 50 ሳንቲሜትር ቢወጣ፣ 6 በ8 ሜትር የሆነው ቤት 7 በ9 ሆኖ ይለካል፤ ማለትም 48 ካሬ ሜትሩ 63 ይሆናል። የግድግዳው ልክ የሚፈለግ ከሆነ በሰፈሩ ውስጥ የተወሰኑ ቤቶችን ክፈፍ ለክተው ይቀንሱ፤ ወይም በ45 ዲግሪ አዘንብለው የሚያነሡ ተጨማሪ በረራዎችን ያድርጉ።

ደረጃ 8፦ በሦስት ገጽታ መገንባት

8.1 የሣጥን ሞዴል

ለብዙ ሥራ ወሰኑን ወደ ላይ ማሳደግ ይበቃል። ለጣሪያው በወሰኑ ውስጥ ካሉት ከፍታዎች 70ኛውን ፐርሰንታይል (ከመቶው ሰባው ከእርሱ የሚያንሱበትን ቁጥር) ይውሰዱ፤ ከፍተኛውን ከወሰዱ አንድ አንቴና ወይም ሮቶ ቤቱን ያስረዝመዋል። ለመሠረቱ ደግሞ በዙሪያው ካለው መሬት 5ኛውን ፐርሰንታይል ይያዙ፤ አማካዩን ከያዙ በተዳፋቱ በታችኛው ወገን ቤቱ አየር ላይ ይቀራል።

8.2 ጣሪያው የሚታይበት ሞዴል

1. በወሰኑ ውስጥ ያሉትን ነጥቦች ብቻ ይቁረጡ፤ ከጠርዙ 20 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ይግቡ፤ የጠርዝ ነጥቦች ግድግዳና ጣሪያ የተቀላቀለባቸው ናቸው።
2. ዝርግ ገጾችን በራንሳክ (በዕጣ ነጥቦችን እየመረጠ ብዙ ነጥብ የሚስማማበትን ገጽ በሚፈልግ ስሌት) ይፈልጉ። የሚፈቀደው ርቀት ለላይዳር 10 እስከ 15፣ ከፎቶ ለተገኙ ነጥቦች 20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ይሁን። የቆርቆሮው ማዕበል 2 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ አያሳስብም።
3. ትንሹን የነጥብ ቁጥር በስሌት ይወስኑ፦ በካሬ ሜትር 10 ነጥብ ካለና ትንሹ የጣሪያ ክፍል 4 ካሬ ሜትር ከሆነ 40 ነጥብ ነው።
4. ጎረቤት ገጾችን አገናኝተው የጣሪያውን የላይኛውን መስመር ያውጡ። መስመሩ በፎቶው ላይ ካለው የክዳን መስመር ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ።
5. ገጾቹን ከወሰኑ ጋር ቆርጠው ግድግዳውን እስከ መሠረቱ ያውርዱ።

ወሰንና ነጥቦችን ተቀብሎ ይህን ሁሉ በራሱ የሚሠራ ሩፈር የተባለ ክፍት ፕሮግራም አለ። ወሰኑ ንጹሕ ከሆነ እጅግ ይረዳል፤ ቆሻሻ ወሰን ከሰጡት ግን ቆሻሻ ሕንጻ ይመልሳል።

ሲበላሽ፦ አንዱ ተዳፋት ወደ ብዙ ትናንሽ ገጾች ከተሰበረ የሚፈቀደውን ርቀት በ5 ሳንቲሜትር ያሳድጉ። በተቃራኒው ሁለቱ ተዳፋቶች አንድ ሜዳ ከሆኑ፣ የጣሪያው ማዘንበል ትንሽ ነውና ርቀቱን ይቀንሱ። የሚያብለጨልጭ ጣሪያ ነጥቦቹ ተበታትነው ምንም ገጽ ካልተገኘ ቤቱን በሣጥን ሞዴል ይተውትና በመዝገቡ ላይ ያመልክቱ፤ የፈጠራ ጣሪያ አያልብሱት።

ደረጃ 9፦ መፈተሽና ማረም

የእያንዳንዱን ሞዴል ጂኦሜትሪ ቫል3ዲቲ በተባለው ፕሮግራም ይፈትሹ፤ ክፍተት ያለው ወይም ገጹ ወደ ውስጥ የዞረ ሕንጻ መጠነ ይዘቱ በትክክል አይሰላም።

ከዚያ በመላው አካባቢ በዕጣ የተመረጡ 3 ቦታዎችን በእጅ ሥለው ሁለት ነገር ይቁጠሩ፦ ካሉት ቤቶች ስንቱ ተገኝተዋል? ከተገኙትስ ስንቱ በእርግጥ ቤት ናቸው? አንዱ ብቻ ከፍ ቢል አይጽናኑ። ቀጥሎ በሜትርና በሌዘር መለኪያ 30 ቤቶችን በመስክ ይለኩ፤ ኮንዶሚኒየምና ዝቅተኛ ቤት፣ አዲስና የዛገ ቆርቆሮ፣ ሜዳና ተዳፋት ይኑርበት።

የተገኘው ስሕተት ወዴት እንደሚመልስዎ እነሆ፦ የጠፉት ቤቶች አብዛኞቹ በዛፍ አጠገብ ከሆኑ ወደ ደረጃ 5፤ በገደል ላይ ከሆኑ ወደ 4.1፤ ቁመታቸው ሁሉ በእኩል መጠን ያነሰ ወይም የበዛ ከሆነ ወደ 3.2፤ ስፋታቸው ብቻ የበዛ ከሆነ ወደ ደረጃ 7 የክፈፍ ማስጠንቀቂያ ይመለሱ። ስሕተቱ ምንም ዓይነት ቅርጽ ሳይኖረው በሁሉም ቦታ የተበተነ ከሆነ የማረጋገጫ ነጥቦቹን ልኬት እንደገና ይመርምሩ፤ እነርሱም ካልተስማሙ ያለውን ሞዴል አይጠጋግኑ፤ ከደረጃ 3 ጀምረው ይድገሙት።